ስለ ዶክቶር ካርሎስ ፊንላይ ሕይወትና ቢጫ ወባን ፈጥኖ ስለ ማወቅ

በሰው ልጅ ላይ ከሚወርዱት መከራዎች ሁሉ ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ እጅግ የከፋ ነው። ጦርነት ሲመጣ ጠላት በየት በኩል እንደ ገባ ይታያል፤ ራብም ሲነሣ ዝናሙ መቅረቱ ወይም አንበጣው መውረዱ አስቀድሞ ይታወቃል። ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ግን በጨለማ እንደሚመታ ጠላት ነው፤ የተመታው ሕዝብ ወዴት እንደሚሸሽና በምን እንደሚመክት አያውቅም። ስለዚህ የበሽታን መንገድ መርምረው የገለጡ ሰዎች፥ አገር ካቀኑና ከተማ ከቈረቈሩ ታላላቅ ሰዎች ባላነሰ ክብር ሊታሰቡ ይገባል።

ከእነዚህም አንዱ ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የኩባው ሐኪም ዶክቶር ካርሎስ ፊንላይ ነው። ታሪኩ የሚጠቅመው ለሐኪሞች ብቻ አይደለም። የሕዝብ አስተዳደር በእጃቸው ላለ ሹማምንትና የሕዝብን ጭንቀት አስቀድመው ለሚሰሙ ካህናትም ይጠቅማል፤ በበሽታ ነገር ጥቂት ቀን መዘግየት ምን ያህል ነፍስ እንደሚያስከፍል ያስተምራልና። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ካርሎስ ፊንላይ በ1833 ዓ.ም. ዲሴምበር 3 ቀን ዛሬ ካማጉዌይ በምትባለው የኩባ ከተማ ተወለደ። በዚያ ዘመን ኩባ በእስፓንያ መንግሥት ትገዛ ነበር። አባቱ ከስኮትላንድ የመጣ ሐኪም ሲሆን እናቱ ከፈረንሣይ ወገን ነበረች። የልጅነቱን ዘመን የአባቱ የቡና እርሻ በነበረበት በአልኪሳር አሳልፎ፥ በ1844 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ፈረንሣይ አገር ተላከ። ሁለት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ ግን ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ያዘውና ወደ ኩባ ተመለሰ። ሕመሙ ቢለቀውም አንደበቱን አስሮት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በዕድሜው ሁሉ ሲናገር ይንተባተብ ነበር። ሁለተኛ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በሩዋን ከተማ ሲማር ደግሞ በአንጀት ተስቦ ታመመና በ1851 ዓ.ም. ወደ አገሩ ገባ። እንዲህ በበሽታ ትምህርቱ ሁለት ጊዜ ቢቋረጥበትም ተስፋ ሳይቈርጥ ወደ አሜሪካ ሄዶ፥ በፊላደልፊያ ከተማ ጀፈርሰን በተባለው የሕክምና ትምህርት ቤት ተምሮ በ1855 ዓ.ም. ዶክቶር ተባለ። በዚያ ካስተማሩት አንዱ ጆን ሚቸል የተባለው መምህር፥ የትኩሳት በሽታዎች በዐይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ይመጣሉ የሚል ትምህርት ነበረው። ይህ ትምህርት በዚያ ጊዜ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ባያገኝም፥ በወጣቱ ልብ እንደ ተዘራ ዘር ሆኖ ቈየ።

ፊንላይ በ1857 ዓ.ም. በሐቫና ከተማ የማከም ፈቃድ አግኝቶ ሥራውን ጀመረ። በዚያ ዘመን ሐቫናን እንደ ቢጫ ወባ ያስፈራ በሽታ አልነበረም። ይህ በሽታ በስሙ ከተለመደው ወባ ጋር ይመሳሰል እንጂ ሌላ ነው። ሲጀምር በትኩሳት፥ በራስ ምታትና በወገብ ሕመም ይጀምራል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ይበርድና ሕመምተኛው የዳነ ይመስላል፤ ብዙዎቹም በእውነት በዚሁ ይድናሉ። በጥቂቶቹ ላይ ግን ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፤ ጉበት ስለሚጐዳ ዐይንና ገላ ቢጫ ይሆናል፤ ከአፍና ከአፍንጫ ደም ይፈሳል፤ ትውከቱም እንደ ቡና አተላ ይጠቍራል። ወደዚህ ደረጃ ከደረሱት እኩሌቶቹ ያህል በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታሉ። በ1878 ዓ.ም. ይህ በሽታ በአሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆ 20,000 ያህል ሰው ፈጀ። ፈረንሣዮችም በ1881 ዓ.ም. በፓናማ የጀመሩትን የመርከብ መተላለፊያ ቦይ ትተው እንዲሄዱ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ፥ ሠራተኞቻቸው በዚሁ በሽታና በወባ በብዙ ሺህ እየተቈጠሩ ማለቃቸው ነው።

የዘመኑ ሐኪሞች በሽታው ከክፉ አየር፥ ወይም ሕመምተኛው ከነካው ልብስና የአልጋ ጨርቅ ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ልብስ ይቃጠላል፥ መርከብ በወደብ ይታገዳል፥ ቤት በመድኃኒት ይታጠባል፤ በሽታው ግን አልቆመም። ፊንላይም ራሱ በመጀመሪያ ነገሩ ከአየሩ ጠባይ ነው ብሎ፥ የሐቫናን አየር ብዙ ዓመት ሲለካና ሲመዝን ኖረ። ያንን አሳብ የሚደግፍ በቂ ማስረጃ ባጣ ጊዜ ግን ያንን ሁሉ ድካም ትቶ ሌላ መንገድ ፈለገ። ለዕውቀት ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ባዕድ የሠራውን ማፍረስ ቀላል ሲሆን፥ በራስ እጅ የገነቡትን ማፍረስ ግን ትልቅ ልብ ይጠይቃል።

ገና ቀደም ብሎ በ1867 ዓ.ም. ኮሌራ ወደ ሐቫና በገባ ጊዜ፥ ፊንላይ ሕመምተኞቹ የሚገኙበትን ሰፈር እየተከተለ መርምሮ በሽታው የሚሄደው ለከተማው ከሚወርደው የቦይ ውሃ ጋር መሆኑን ተረዳ። ይህንኑ ጽፎ በጋዜጣ እንዲወጣ ቢልክ፥ የመንግሥት መርማሪዎች ጽሑፉን ከለከሉት። ሕዝቡ የሚጠጣው ውሃ እንደሚገድለው ሊነገረው ሲገባ፥ ጽሑፉ በቢሮ ተቀበረ። ፊንላይ ግን በዚህ ተቈጥቶ ሥራውን አልተወም።

በ1879 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ቢጫ ወባን የሚመረምሩ ሊቃውንት ወደ ሐቫና ሲልክ፥ የእስፓንያው አገረ ገዥ ፊንላይ ከእነርሱ ጋር እንዲሠራ አዘዘው። ከሞቱት ሰዎች ሰውነት የተወሰደውን በማይክሮስኮፕ በተመለከቱ ጊዜ፥ ጕዳቱ በደም ሥሮች ላይ መሆኑ ታየ። ፊንላይም ከዚህ ተነሥቶ አሰበ፤ የበሽታው ምክንያት በደም ሥር ውስጥ ካለ፥ ከሕመምተኛው ደም ቀድቶ በጤነኛው ደም የሚጨምር አንድ ነገር መኖር አለበት አለ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ማን ነው ብሎ ቢመረምር ቢንቢን አገኘ። በሐቫና ካሉት ልዩ ልዩ ቢንቢዎችም መካከል ዛሬ ኤደስ ኤጂፕቲ የምትባለውን ለየ። ይህች ቢንቢ በሰው ቤት ትኖራለች፤ በገንቦና በበርሜል በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ትራባለች፤ በቀን ትናከሳለች፤ ደም የምትመጠው ለዕንቍላሏ ስለ ሆነ የምትናከሰው እንስቲቱ ብቻ ናት፤ ብርድና ደጋም አይስማማትም። ቢጫ ወባም እንዲሁ በቈላና በሙቀት ወራት የሚበረታ፥ በብርድ የሚጠፋ ነበር።

በ1881 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 18 ቀን በዋሽንግተን በተደረገው የመንግሥታት የጤና ጉባኤ ላይ ቆሞ፥ ለበሽታው መተላለፍ ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉ ተናገረ፤ እነርሱም አንድ ሕመምተኛ፥ በሽታው ሊይዘው የሚችል አንድ ጤነኛ፥ ከሁለቱም የተለየ አንድ አስተላላፊ ናቸው። በዚያው ዓመት ኦገስት 14 ቀን ደግሞ አስተላላፊው ቢንቢ መሆኗን በሐቫና የሳይንስ ጉባኤ ፊት በጽሑፍ አቀረበ። አንብቦ በፈጸመ ጊዜ ጉባኤው በዝምታ ዐለፈው። ከዚያም ቀን ጀምሮ 19 ዓመት ሙሉ ብዙዎች እንደ ቅዠተኛ ይቈጥሩትና ይሣለቁበት ነበር። ከጐኑ ሳይለይ አብሮት የደከመው ክላውዲዮ ዴልጋዶ የተባለው የእስፓንያ ሐኪም ነው።

ስለዚህ ነገር እውነቱን መናገር ይገባናል። ጉባኤው ያልተቀበለው በክፋት ብቻ አልነበረም፤ ማስረጃው ገና ስላልተሟላም ነው። ፊንላይ ከእስፓንያ አዲስ የገቡና ፈቅደው የቀረቡ ሰዎችን፥ ሕመምተኛ በነከሱ ቢንቢዎች ከ100 ጊዜ በላይ አስነክሷል። ነገር ግን ሰው እንዳይሞትበት ስለሚፈራ፥ ቢንቢዎቹን ሕመምተኛ ከነከሱ ከጥቂት ቀን በኋላ ያስነክሳቸው ነበር፤ አሳቡም ቀላል ሕመም ይዟቸው ወደ ፊት ከከባዱ እንዲጠበቁ ነው። ከተነከሱትም የሚታመሙት ጥቂቶች ነበሩ፤ የታመሙትም በበሽታው በተያዘ ከተማ መካከል የሚኖሩ ስለ ሆነ፥ ሕመሙ ከሌላ መንገድ አለመምጣቱን ማረጋገጥ አይቻልም ነበር። በአሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ፥ ርኅራኄው ማስረጃውን አዳከመበት።

የጐደለው ነገር ጊዜ ነበር። በ1898 ዓ.ም. ሄንሪ ካርተር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሚሲሲፒ አገር በሚገኙ ትንንሽ መንደሮች የታመሙትን ሲቈጥር፥ ከመጀመሪያው ሕመምተኛ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በዚያው ቤት ሁለተኛ ሰው እንደማይታመም አስተዋለ። ይህም በሽታው በመካከል በሌላ ስፍራ ተሰውሮ እንደሚቈይ የሚያመለክት ነበር።

በዚያው ዓመት አሜሪካና እስፓንያ ተዋግተው ኩባ በአሜሪካ ጦር እጅ ገባች። የ64 ዓመት ሽማግሌ የነበረው ፊንላይም ወደ ሳንትያጎ ሄዶ በጦሩ ሐኪምነት አገለገለ። በ1900 ዓ.ም. በዋልተር ሪድ የሚመሩ አራት የጦር ሐኪሞች ቢጫ ወባን ሊመረምሩ ወደ ሐቫና መጡ፤ ጓደኞቹ ጄምስ ካሮል፥ ጄሲ ላዚርና አሪስቲዴስ አግራሞንቴ ናቸው። ሌላ ምክንያት ፈልገው ባጡ ጊዜ ወደ ፊንላይ ሄዱ። እርሱም 19 ዓመት የተነቀፈበትን ሥራ ለባዕዳን ከመስጠት አልተቈጠበም፤ ያለውን ዕውቀት ሁሉ ነገራቸው፥ የቢንቢዋንም ዕንቍላል በእጁ ሰጣቸው። ከዚያ ዕንቍላል በተፈለፈሉት ቢንቢዎች ታላቁ ምርመራ ተጀመረ።

በኦገስት 27 ቀን ካሮል በአንዲት ቢንቢ ተነክሶ በጽኑ ታመመ፤ ነገር ግን ዳነ። ያች ቢንቢ ከ12 ቀን በፊት በሕመሙ ሁለተኛ ቀን ላይ የነበረ አንድ ሰው ነክሳ ነበር። ላዚር ግን በሴፕቴምበር ወር በዚሁ በሽታ ተይዞ በ25ኛው ቀን በ34 ዓመቱ ሞተ። ከዚህ በኋላ ሪድ ከከተማ ወጣ ብሎ በላዚር ስም የተጠራ ሰፈር አሠራ። በአንደኛው ቤት ሰዎች ሕመምተኞች በሞቱበት አንሶላና ልብስ ላይ ብዙ ሌሊት ተኙ፤ ከእነርሱ አንድም አልታመመም። ሌላው ቤት ንጹሕ ሲሆን በሽቦ ወንፊት ለሁለት ተከፍሎ በአንደኛው ወገን ብቻ ቢንቢ ተለቀቀበት፤ በዚያ ወገን የገባው ሰው ታመመ፥ በሌላው ወገን የተቀመጡት ጤነኞች ሆነው ቀሩ። ለዚህ ምርመራ የቀረቡት ሰዎች አደጋው ተነግሯቸው ፈቃዳቸውን በጽሑፍ የሰጡ ነበሩ።

ከዚህም ምርመራ ሁለት ቍጥሮች ታወቁ። ቢንቢዋ በሽታውን የምትቀበለው ሕመምተኛውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ውስጥ ስትነክስ ነው፤ ወደ ሌላ ለማሳለፍ የምትችለውም 12 ቀን ያህል ከቈየች በኋላ ነው። የፊንላይ ምርመራ ያልተሟላለት ይህን ባለማወቁ ነበር። ዋናው ነገር ግን ተረጋገጠ፤ የተሣለቁበት ሰው እውነተኛ ሆኖ ተገኘ።

ወዲያው በ1901 ዓ.ም. ዊልያም ጎርጋስ የተባለው የጦር ሐኪም የሐቫናን ገንቦዎችና በርሜሎች አስከደነ፤ በኩሬው ላይ ላምባ አስፈሰሰ፤ ሕመምተኞችንም ቢንቢ በማያስገባ ወንፊት ውስጥ አስተኛ። ከመቶ ዓመት በላይ በሽታው ሲመላለስበት የነበረው ከተማ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቢጫ ወባ ነጻ ወጣ። ይኸው ጎርጋስ ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ በፓናማ እንዲሁ አድርጎ በሽታውን ስላስወገደ፥ ፈረንሣዮች የተዉት ቦይ በ1914 ዓ.ም. ለመርከብ ተከፈተ።

ኩባ በ1902 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት በሆነች ጊዜ ፊንላይ የአገሩ የጤና ጥበቃ ዋና ሹም ሆኖ ተሾመ። ለኖቤል ሽልማት ብዙ ጊዜ ታጭቶ ነበር፤ ነገር ግን አልተሰጠውም። በ1915 ዓ.ም. ኦገስት 20 ቀን በሐቫና በ81 ዓመቱ ዐረፈ። የተወለደበት ዲሴምበር 3 ቀን በኩባና በሌሎችም የአሜሪካ አገሮች የሐኪሞች በዓል ሆኖ ይከበራል።

ፊንላይ አስተላላፊዋን አሳየ እንጂ፥ የምታስተላልፈው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳይታይ ቀርቶ ነበር። በ1901 ዓ.ም. ሪድና ካሮል የሕመምተኛን የደም ውሃ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ አሳልፈው በሽታው አብሮ እንደሚያልፍ ስላዩ፥ ምክንያቱ ከባክቴሪያ ያነሰ መሆኑን ገለጡ፤ ይህም ዛሬ ቫይረስ የሚባለው ነው። ቫይረሱ በ1927 ዓ.ም. ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ከአንድ ሕመምተኛ ደም ተለይቶ ተገኘ። በ1937 ዓ.ም. ማክስ ታይለር የተባለው የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ክትባት ሠራ፤ ስለዚህም በ1951 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

አንድ ችግር ግን ቀርቶ ነበር፤ ይኸውም በሽታውን በጊዜው ማወቅ ነው። ሕመምተኛው ለጎረቤቱ አደገኛ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ነው፤ በእነዚያ ቀኖች ደግሞ ሕመሙን ከወባ፥ ከተስቦ ወይም ከሌላ ትኩሳት በዐይን ለይቶ ማወቅ ለታላቅ ሐኪም እንኳ ያዳግታል። ዐይኑ ቢጫ ሆኖ በሽታው በግልጥ በሚታወቅበት ጊዜ፥ ቢንቢዋ ደሙን ወስዳ ሄዳለች። እንግዲህ ለዐይን የሚታየው ምልክት የሚመጣው ከዘገየ በኋላ ነው።

ይህን ችግር ያቀለለው በዘመናችን የተገኘው የሞለኪውል ምርመራ ነው። የቫይረሱ ባሕርይ አር ኤን ኤ በሚባል ረዥም ሐረግ ላይ እንደ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ከሕመምተኛው ጥቂት ደም ተወስዶ፥ በ1970 ዓ.ም. የታወቀ አንድ ኢንዛይም ይህን ጽሕፈት ዲ ኤን ኤ ወደሚባለው ዓይነት ይገለብጠዋል። ከዚያ በኋላ በ1983 ዓ.ም. ካሪ ሙሊስ የተባለው አሜሪካዊ ባሰበው ፒ ሲ አር በሚባለው ብልሃት ይባዛል። ነገሩን በቁም ጸሐፊ ሥራ ልንመስለው እንችላለን። አንድ ጸሐፊ አንዱን መጽሐፍ ቢገለብጥ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱን ሁለት ጸሐፊዎች ቢገለብጡ አራት ይሆናል፤ የተገለበጠውም ሁሉ ለሚቀጥለው ቅጂ ሆኖ እየተሰጠ 30 ጊዜ ቢደገም ከአንድ መጽሐፍ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይገኛል። በምርመራውም እየተሞቀና እየቀዘቀዘ እንዲሁ ይባዛል። ሥራውን የሚያስጀምሩት አጫጭር ሐረጎች የሚገጥሙት ከቢጫ ወባ ቫይረስ ጽሕፈት ጋር ብቻ ስለ ሆነ፥ ሌላ በሽታ ቢሆን መጽሐፉ አይባዛም። የተባዛ እንደ ሆነ አብሮ የተጨመረው ቀለም ያበራል፤ መሣሪያውም ያንን ብርሃን ይቈጥራል። ውጤቱ በጥቂት ሰዓት ይታወቃል። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ሳያስፈልግ በአንድ ሙቀት ብቻ፥ በአንድ ሰዓት ያህል የሚፈጸምና በትንሽ መሣሪያ የሚሠራ ብልሃት ተገኝቷል፤ ይህም ምርመራውን ከትልቁ ከተማ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ለማቅረብ ተስፋ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ ብርቱ የሚሆነው ቫይረሱ በደም ውስጥ ሳለ ነው፤ ይኸውም ሕመሙ በጀመረባቸው ጥቂት ቀኖች ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ ቫይረሱ ከደም ይጠፋል፤ መሣሪያው ምንም አላገኘሁም ቢል ሰውየው በሽታው አልነበረበትም ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚቻለው የሰውነትን መከላከያ መመርመር ነው፤ እርሱ ደግሞ የቢጫ ወባን ምልክት ከዴንጊና ከመሰሎቹ፥ ከተከተበም ሰው ምልክት ጋር ሊያሳስት ስለሚችል፥ ነገሩን ለማረጋገጥ ሌላ ረዥም ምርመራ ይጠይቃል። እንግዲህ ሪድ በላዚር ሰፈር የቈጠራቸው ሦስቱ ቀኖች እስከ ዛሬ ዋጋቸው አልቀነሰም፤ ቢንቢዋ ደሙን የምትፈልግበትና መርማሪው ደሙን የሚፈልግበት ጊዜ አንድ ነው። ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ አካባቢና በአጎራባቹ ቈላ የተነሣው ቢጫ ወባ 100,000 ያህል ሰው አሳምሞ 30,000 ያህል እንደ ገደለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከታወቁት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ፥ በ2018 ዓ.ም. በወላይታ፥ በ2020 ዓ.ም. በጉራጌ ተነሥቷል። በዚያች በፊንላይ ቢንቢ የሚተላለፉ ሌሎች ቫይረሶችም በድሬዳዋ ታይተዋል፤ ዴንጊ በ2013 ዓ.ም.፥ ቺኩንጉንያ በ2019 ዓ.ም.።

ስለዚህ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ትምህርት ግልጥ ነው። ፊንላይ እውነቱን በተናገረና ዓለም በተቀበለው መካከል 19 ዓመት ዐለፈ፤ በነዚያ ዓመታት የሞቱት በሙሉ ሊድኑ ባይችሉም፥ ብዙዎቹ ገንቦ በመክደን ብቻ ይተርፉ ነበር። እርሱ ማስረጃ የሚሆን መሣሪያ አልነበረውም፤ ዛሬ ግን መሣሪያው አለ። የቀረው ደሙን በጊዜው ማድረስ ነው፤ ይህም የሊቃውንት ሥራ ሳይሆን የአስተዳደር ሥራ ነው። ከአንድ ቀበሌ ያልተለመደ ትኩሳት ተነሣ የሚል ወሬ የሰማ ሹም፥ ሪፖርቱን በጠረጴዛው ላይ አሳድሮ ዐይናቸው ቢጫ የሆነ ሰዎች እስኪመጡ ቢጠብቅ፥ መሣሪያው የሚጠቅምበትን ቀን በገዛ እጁ ያሳልፋል። በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያው ቢያስታውቅ፥ ደሙም ሕመሙ የጀመረበት ቀን ተጽፎበት በቅዝቃዜ ተጠብቆ ፈጥኖ ቢላክ፥ ክትባቱ ከወረርሽኙ ሊቀድም ይችላል። ካህናትም ትኩሳት የያዘው ሰው ለጸሎትና ለጠበል ወደ እነርሱ ሲመጣ፥ ከጸሎቱ ጋር ወደ ሐኪም እንዲሄድ ሳይውል ሳያድር ቢመክሩት፥ በአንድ ቤት በርከት ያሉ ሰዎች መታመማቸውንም ቢያስታውቁ፥ መንጋቸውን ጠበቁ ማለት ነው።

አንደበቱ የታሰረው ያ ሐኪም በቃሉ ማሳመን ባይችልም በሥራው አሳምኗል። እርሱን ማክበር የሚገባን ሐውልት በማቆም ብቻ ሳይሆን፥ ትኩሳት በተነሣበት ስፍራ ሁሉ እነዚያን ጥቂት ቀኖች ባለማባከን ነው።